ጉልበቱን አስልቼ አገኘዋለሁ፤ መስኩ ግን ምንድን ነው?

ጀማሪዋ (ጠያቂ)

ሰላም ለመድረኩ አባላት። የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ በዚህ ሴሚስተር ጄኔራል ፊዚክስ እየወሰድኩ ነው። የኩሎም ሕግ፣ ማለትም ሁለት ቻርጆች የሚገፋፉበትን ወይም የሚሳሳቡበትን የሚያሰላው፣ ብዙም አላስቸገረኝም፤ ቁጥር ከተሰጠኝ ቀመሩ ውስጥ አስገብቼ መልሱን አወጣለሁ። ወደ ኤሌክትሪክ መስክ ስንሻገር ግን የገባኝ የመሰለኝ ሁሉ ተምታታብኝ። በአማርኛ የተጻፈ ማብራሪያ ባገኝ ብዬ «የኤሌክትሪክ ኃይል» እያልኩ ስፈልግ የመጣልኝ የግድብና የመብራት መቋረጥ ዜና ብቻ ሆነ። ስለዚህ እዚህ «ጉልበት» የምለው በኒውተን የሚለካውን፣ አንድ ቻርጅ ሌላውን የሚገፋበትን ወይም የሚስብበትን መሆኑ ይታወቅልኝ።

ጥያቄዬ የተነሣው ከአንድ መልመጃ ነው። 4 ማይክሮኩሎም እና 1 ማይክሮኩሎም (ኩሎም የቻርጅ መለኪያ ነው፤ ማይክሮኩሎም የእርሱ አንድ ሚሊዮንኛ) የሆኑ ሁለት ፖዘቲቭ ቻርጆች በ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ተቀምጠዋል። (ሀ) በመካከላቸው ያለው ጉልበት ስንት ነው? (ለ) ልክ መሐል ባለው ነጥብ ላይ መስኩ ስንት ነው? (ሐ) መስኩ ዜሮ የሚሆነው የት ላይ ነው?

«ሀ»ን ሠርቼዋለሁ፤ 0.4 ኒውተን መጣልኝ። ይሁን እንጂ እዚያም ቢሆን አንድ ነገር አልተዋጠልኝም፤ አራት እጥፍ የሚበልጠው ቻርጅ ትንሹን አብልጦ መግፋት አልነበረበትም ወይ? «ለ» ላይ ስደርስ ደግሞ ጭራሽ ቆምኩ። መሐሉ ላይ ምንም ቻርጅ የለም፤ ምንም ከሌለ የሚገፋው ምንድን ነው? ቀመሩ «መስክ ማለት ጉልበት ሲካፈል ለቻርጅ ነው» ይላል፤ ታዲያ ቻርጁን እጥፍ ባደርገው መስኩ በግማሽ ይቀንሳል ማለት ነው? ከሁለቱስ የማካፍለው ለየትኛው ነው?

ታዛቢ

እኔም እንዳንቺው የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ስለሆንኩ መልሴን በጥንቃቄ ውሰጂው። እኔን የረዳኝ ሥዕሉ ነው። ከፖዘቲቭ ቻርጅ የሚወጡትን መስመሮች እንደ ባቡር ሐዲድ አስቢያቸው፤ አንድ ቻርጅ እዚያ ቢቀመጥ በመስመሩ ላይ ይሄዳል፤ መስመር በሌለበት ቦታ ደግሞ መስክ የለም። እኔ በዚህ መንገድ ነው የተረዳሁት።

ጠመኔ

እንኳን ደህና መጣሽ ልጄ። ለረጅም ዓመታት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ሳስተምር ይህ ጥያቄ በየዓመቱ ይነሣ ነበር፤ የሚያነሡትም አብዛኛውን ጊዜ ከጎበዞቹ ወገን ያሉት ነበሩ፤ የቀሩት ቀመሩን ሸምድደው ያልፉታልና። ታዛቢ፣ ስለ መስመሮቹ ያልከው መታረም ያለበት ነገር አለው፤ እርሱን ከእኔ የተሻለ የሚያስረዳ ሰው እዚህ ስላለ ለእርሱ ልተውለት።

አጭሩን ላስቀድም። ሁለቱ ቻርጆች የሚገፋፉት እኩል ነው። በኩሎም ቀመር ውስጥ ሁለቱ ቻርጆች ተባዝተው ስለሚገቡ 4 በ1 ቢባዛ ወይም 1 በ4 ቢባዛ ልዩነት የለውም፤ ትልቁ ትንሹን በ0.4 ኒውተን ሲገፋው ትንሹም ትልቁን በዚያው በ0.4 ኒውተን ወደ ኋላ ይገፋዋል። ይህ ከኒውተን ሦስተኛ ሕግ የምታውቂው ነገር ነው። ቢለቀቁ ከሁለቱ ፈጥኖ የሚስፈነጠረው ቀለል ያለው አካል ነው እንጂ ቻርጁ ያነሰው አይደለም።

አሁን ወደ መስኩ እንምጣ። ጤፍ ልትገዢ ገበያ ወጥተሽ ነጋዴው ዋጋውን በኪሎ ነገረሽ እንበል። አምስት ኪሎ ብትወስጂ የሆነ ሒሳብ ትከፍያለሽ፤ አሥር ኪሎ ብትወስጂ ሒሳቡ እጥፍ ይሆናል። ሒሳቡን ለኪሎው ብዛት ስታካፍዪው ግን በሁለቱም ጊዜ የሚወጣልሽ ያው የአንድ ኪሎ ዋጋ ነው። አሥር ኪሎ ስለገዛሽ የኪሎው ዋጋ በግማሽ አይወርድም፤ ምክንያቱም አካፋዩ እጥፍ ሲሆን ተካፋዩም አብሮት እጥፍ ሆኗል። እንግዲህ ሒሳቡ ጉልበት ነው፤ ኪሎው ቻርጅ ነው፤ የአንዱ ኪሎ ዋጋ ደግሞ መስክ ነው። ገዢ ሳይመጣም ቢሆን ነጋዴው ዋጋውን በካርቶን ጽፎ ጤፉ ላይ ሰክቶታል። መሐሉ ላይ ምንም ቻርጅ ሳይኖር መስክ አለ የምንለው በዚሁ መልክ ነው፤ አንድ ቻርጅ መጥቶ እዚያ ቢቀመጥ በያንዳንዱ ኩሎም ስንት ኒውተን እንደሚደርስበት አስቀድሞ የተወሰነ ነው።

«ለየትኛው ነው የማካፍለው?» ላልሽው፦ ሁለት ዓይነት ቻርጅ አለ ብለሽ ለያቸው። አንደኛው ምንጩ ነው፤ መስኩን የሚፈጥረው እርሱ ነው። ሁለተኛው እንግዳው ነው፤ መስኩ ውስጥ መጥቶ የሚቀመጠው። ጉልበቱን የምታካፍዪው ለእንግዳው ነው። በኩሎም ቀመር ውስጥ ምንጩም እንግዳውም ስላሉ፣ ለእንግዳው ስታካፍዪ እንግዳው ተሰርዞ ይወጣና የሚቀርሽ ይህ ይሆናል፦

መስክ = 9 × 10⁹ × ምንጭ ቻርጅ ÷ (ርቀት × ርቀት)

9 × 10⁹ የኩሎም ሕግ ቋሚ ቁጥር ነው፤ እዚህ ውስጥ እንግዳው ስሙም የለም። ብዙ ተማሪ ፈተና ላይ የሚሳሳተው የእንግዳውን ቻርጅ እዚህ ቀመር ውስጥ ሲከትት ነው። ይህን ነገር ደግሞ በስበት ሳታውቂው ስትጠቀሚበት ኖረሻል፤ 9.8 የምንለው ቁጥር በአንድ ኪሎ ግራም የሚደርስ ኒውተን ነው፤ ድንጋዩ ሲከብድ 9.8 ይቀንሳል ብሎ የሚጨነቅ ሰው አላጋጠመኝም።

እስቲ «ለ»ን እና «ሐ»ን ሞክሪያቸውና የደረስሽበትን ጻፊልን።

ባለ ሽቦው

የመምህርን ማብራሪያ ካነበብኩ በኋላ ከሥራ በኩል ጥቂት ልጨምር። እኔ የኤሌክትሪክ ቴክኒሻን ስለሆንኩ መስክን የምናውቀው በኒውተን ለኩሎም ሳይሆን በቮልት ለሜትር ነው። ሁለቱ አንድ ናቸው፤ ቮልት ማለት በአንድ ኩሎም የሚሠራ ሥራ ነው፤ ሥራ ደግሞ ጉልበት በርቀት ተባዝቶ ስለሆነ፣ ቮልቱን መልሰሽ ለርቀቱ ብታካፍዪው ጉልበት ለኩሎም ይመጣል።

በበጋ ወራት፣ በተለይ በታኅሣሥና በጥር፣ የሱፍ ሹራብ ከናይለን ልብስ ላይ ስታወልቂ «ጠሽ ጠሽ» የሚለውን ድምፅ ትሰሚያለሽ፤ ክፍሉ ጨለማ ከሆነ ብልጭታውም ይታያል። ደረቅ አየር ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው መስኩ በሜትር ወደ 3 ሚሊዮን ቮልት ሲደርስ ነው። ስለዚህ 3 ሚሊ ሜትር የሚዘል ብልጭታ ካየሽ በሁለቱ ጫፎች መካከል ወደ 9 ሺህ ቮልት ገደማ ነበረ ማለት ነው። ቤታችን ያለው 220 ቮልት ሰው ሲገድል ይህ 9 ሺህ የማይገድለው የቻርጁ መጠን እጅግ አነስተኛ ስለሆነና ወዲያው ስለሚያልቅ ነው።

ሌላ የሚገርም ነገር ልንገራችሁ። ሰማዩ በጠራ ቀን ሜዳ ላይ ስንቆም ወደ ታች የሚያመለክት፣ በሜትር ወደ 100 ቮልት የሚጠጋ መስክ በአየሩ ውስጥ አለ። በስሌት ብትሄዱ ከአንድ ሰው እግር እስከ አናቱ ድረስ 170 ቮልት ሊሆን ነው። ይሁንና ማንም አይነዘርም፤ ሰውነታችን ከአየሩ ይልቅ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ከመሬቱ ጋር አንድ ዓይነት ቮልቴጅ ይይዝና በዙሪያችን ያለውን መስክ ያጣምመዋል። ይህ የመጨረሻው ነገር ለብዙ ጊዜ ሳይገባኝ ቆይቷል።

ጀማሪዋ

መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የጤፉ ምሳሌ በአንድ ጊዜ ነው የገባኝ። ባለ ሽቦው፣ አንተንም አመሰግናለሁ። የሠራሁትን ላስቀምጥ።

«ለ»፦ ነጥቡ ከሁለቱም 0.15 ሜትር ይርቃል። ምንጮቹ ሁለት ስለሆኑ ደመርኳቸው፤ 5 ማይክሮኩሎም። 9 × 10⁹ × 5 × 10⁻⁶ ሲካፈል ለ0.0225፤ 2 ሚሊዮን ኒውተን ለኩሎም።

«ሐ»፦ ዜሮ የሚሆነው የሁለቱ መስክ እኩል በሆነበት ነው ብዬ፣ ከትልቁ ያለውን ርቀት «ር» ብዬ ሰየምኩት፤ ከትንሹ ያለው 0.3 − ር ይሆናል። 4 ÷ ር² = 1 ÷ (0.3 − ር)² ብዬ ስፈታው ር² − 0.8ር + 0.12 = 0 መጣና ሁለት መልስ ሰጠኝ፤ 0.2 ሜትር እና 0.6 ሜትር። መልመጃው መልሱ 20 ሴንቲ ሜትር ነው ስለሚል 60ውን ጣልኩት፤ ለምን እንደጣልኩት ግን አላውቅም።

ጠመኔ

በርቺ። «ሐ» ላይ ከጠበቅሁት በላይ ሄደሻል፤ «ለ» ላይ ግን አንድ የተለመደ ጉድጓድ ውስጥ ገብተሻል።

መስክ ቁጥር ብቻ አይደለም፤ አቅጣጫ አለው። መሐሉ ላይ አንድ ትንሽ ፖዘቲቭ እንግዳ አስቀምጪና ሁለቱ ምን እንደሚያደርጉት ተመልከቺ። ትልቁ በግራ በኩል ነው እንበል፤ እንግዳውን ወደ ቀኝ ይገፋዋል። ትንሹ በቀኝ በኩል ነው፤ ወደ ግራ ይገፋዋል። ተቃራኒ ስለሆኑ አይደመሩም፤ ይቀናነሳሉ። የትልቁ ብቻውን 1.6 ሚሊዮን ነው፤ የትንሹ 0.4 ሚሊዮን ነው፤ የሚቀረው 1.2 ሚሊዮን ኒውተን ለኩሎም ሲሆን አቅጣጫው ወደ ቀኝ፣ ወደ ትንሹ ቻርጅ ነው። በእኔ ልማድ ተማሪዎቼ ቁጥር ከመንካታቸው በፊት በየምንጩ አንዳንድ ቀስት እንዲሥሉ አስገድዳቸው ነበር፤ ቀስቱን ያልሣለ ተማሪ መልሱ ትክክል ቢሆን እንኳ ሙሉ ነጥብ አልሰጠውም ነበር። ይማረሩብኝ ነበር።

አሁን ወደ 60ዋ እንሂድ፤ ከዚህ ክር ውስጥ እኔን ደስ ያሰኘኝ እርሷ ናት። ቀመርሽ የጠየቀው «የሁለቱ መስክ መጠን እኩል የሚሆነው የት ነው?» ብሎ ነው፤ ርቀቱ በራሱ ስለተባዛ አቅጣጫው ጠፍቶበታል። መጠናቸው እኩል የሚሆንባቸው ሁለት ቦታዎች በእርግጥ አሉ። አንዱ በመካከላቸው፣ ከትልቁ 20 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው፤ እዚያ እያንዳንዳቸው 9 × 10⁵ ናቸው፤ አቅጣጫቸውም ተቃራኒ ስለሆነ ይጣፋሉ። ሁለተኛው ከትልቁ 60 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም ከትንሹ ወዲያ 30 ሴንቲ ሜትር አልፎ ነው፤ እዚያም እያንዳንዳቸው 10⁵ ሆነው እኩል ናቸው፤ ነገር ግን ሁለቱም ወደ ቀኝ ነው የሚገፉት። ስለዚህ ተደምረው 2 × 10⁵ ይሆናሉ እንጂ ዜሮ አይሆኑም። 60ዋን የምትጥያት ቀስቱን ሥለሽ ካየሽ በኋላ ነው፤ የመልመጃው መልስ 20 ስላለ አይደለም።

የቤት ሥራ ልስጥሽ። ትንሹን ቻርጅ ኔጌቲቭ አድርጊው፤ መጠኑን አትንኪው። ዜሮው የት ይሄዳል? አዲስ ስሌት ሳትሠሪ መልሺልኝ። ከዚያ ደግሞ በመጀመሪያው መልመጃ መሐሉ ላይ ኔጌቲቭ 2 ናኖኩሎም (ናኖኩሎም የኩሎም አንድ ቢሊዮንኛ ነው) የሆነ እንግዳ ብናስቀምጥ የሚደርስበትን ጉልበትና አቅጣጫውን ንገሪኝ።

ሩብ ኩሎም

ዘግይቼ ነው የደረስኩት፤ ይቅርታ። በዚህ ዘርፍ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነኝ። ሦስት ነገሮች ላይ ሐሳብ ልስጥ።

አንደኛ፣ ታዛቢ ስለ መስመሮቹ ያነሣው። የመስክ መስመር ሐዲድ አይደለም። መስመሩ በያንዳንዱ ነጥብ ላይ ጉልበቱ ወዴት እንደሆነ ያሳያል፤ ጉልበት ደግሞ የፍጥነትን ለውጥ ይወስናል እንጂ ጉዞውን በቀጥታ አይወስንም። የመሬት ስበት መስመሮች ቀጥ ብለው ወደ ታች ናቸው፤ በወንጭፍ የተወረወረ ድንጋይ ግን በእነርሱ ላይ አይሄድም፤ ጠምዘዝ ብሎ ነው የሚወድቀው። ሳይንቀሳቀስ የተለቀቀ ቻርጅ እንኳ መስመሩ ጠማማ ከሆነ ወዲያው ከመስመሩ ይወጣል። «መስመር በሌለበት መስክ የለም» የሚለውም እንዲሁ ነው፤ በካርታ ላይ በሁለት የከፍታ መስመሮች መካከል ተራራው አልተቋረጠም። ስንት መስመር እንደሚሣል የሚመርጠው ሠዓሊው ነው፤ ትርጉም ያለው መስመሮቹ መጠጋጋታቸው ወይም መራራቃቸው ነው።

ሁለተኛ፣ የመምህር ጠመኔን የጤፍ ምሳሌ አንድ እርምጃ ልግፋው። አንድ ሰው መጥቶ የገበያውን ጤፍ በሙሉ ልግዛ ቢል ዋጋው ባለበት አይቆምም፤ በእርሱ ግዢ ምክንያት ይንራል። በኤሌክትሪክም ትልቅ እንግዳ ስታመጡ ምንጮቹ ከቦታቸው ሊነቃነቁ ይችላሉ፤ በተለይ ምንጩ ብረት ከሆነ በውስጡ ያሉት ኤሌክትሮኖች ወደዚህ ወይም ወደዚያ ይሸሻሉ። ያን ጊዜ የለካችሁት እንግዳው ከመምጣቱ በፊት የነበረውን መስክ ሳይሆን እርሱ ያናጋውን ነው። መጻሕፍት ሁሉ «አነስተኛ የሙከራ ቻርጅ» የሚሉት በዚህ ምክንያት ነው፤ ብዙዎቻችን ግን ቃሉን ሳናስተውለው እናልፈዋለን።

ሦስተኛ፣ ጀማሪዋ በጥያቄዋ ውስጥ «ምንም ከሌለ የሚገፋው ምንድን ነው?» ያለችው በእውነት ከባድ ጥያቄ ነው። መስክ የሒሳብ መዝገብ ብቻ ነው ወይስ በቦታው ላይ ያለ ነገር ነው? ቻርጆቹ የማይንቀሳቀሱ ከሆነ ሁለቱን ለመለየት የሚያስችል ነገር የለም፤ ኩሎም እ.ኤ.አ. በ1785 በቀጭን ሽቦ ላይ በተንጠለጠለ ሚዛን ጉልበቱን ሲለካ መስክ የሚል ሐሳብ አላስፈለገውም። ከእርሱ በፊት ሄንሪ ካቨንዲሽ ጉልበቱ በርቀት ካሬ እንደሚቀንስ በሌላ ብልሃት አረጋግጦ ነበር፤ ይሁንና ሥራውን ሳያሳትም ስላለፈ ዓለም ያወቀው የፊዚክስ ሊቁ ማክስዌል በ1879 ሲያሳትመው ነው። ካቨንዲሽም ቢሆን መስክ አላለም።

ቻርጁ ሲንቀሳቀስ ግን ነገሩ ይለወጣል። አንድ ቻርጅ እዚህ፣ ሌላው ጨረቃ ላይ ነው እንበል። እዚህ ያለውን ባወዛውዘው በጨረቃ ላይ ያለው ለውጡን የሚያውቀው ወዲያው አይደለም፤ ወደ 1.3 ሴኮንድ ይፈጃል። በዚያ 1.3 ሴኮንድ ውስጥ እንቅስቃሴውና ሥራ የመሥራት አቅሙ የት ነው ያለው? እኔ ዘንድ የለም፤ ጨረቃ ላይም አልደረሰም። በመንገድ ላይ ነው፤ የሚሸከመውም መስኩ ነው። ማክስዌል ይህን በ1860ዎቹ በቀመር አስቀመጠው፤ ሄርትዝ በ1880ዎቹ መጨረሻ በላቦራቶሪ አሳየው። ዛሬ የስልካችን ኔትወርክ የሚሠራው በአንቴና ውስጥ ኤሌክትሮኖችን በማወዛወዝ ነው። ስለዚህ እኔ መስኩ አለ ከሚሉት ወገን ነኝ።

የዚህ ሐሳብ አባት ማይክል ፋራዴይ የአንጥረኛ ልጅ ሲሆን መጽሐፍ ጠራዥ ጋ ተቀጥሮ ሥራ የተማረ፣ ከፍተኛ ሒሳብ ያልተማረ ሰው ነበር። መስመሮቹን በዓይነ ሕሊናው ያያቸው ነበር፤ በዘመኑ ከነበሩት የሒሳብ ሊቃውንት ብዙዎቹ ግን ነገሩን በቁም ነገር አልወሰዱለትም።

ታዛቢ

ሩብ ኩሎም፣ ስላረምከኝ አመሰግናለሁ፤ የወንጭፉ ድንጋይ ገብቶኛል። አንድ ጥያቄ አለኝ። መብረቅ ሲኖር መኪና ውስጥ መቀመጥ ጥሩ ነው ይባላል፤ ጎማው ስለሚከላከል ነው የሚሉ አሉ። እውነት ነው?

ባለ ሽቦው

ጎማው አይደለም። ከደመና ኪሎ ሜትሮችን አቋርጦ የመጣ መብረቅ በአንድ ጎማ ከፍታ አይገታም። የሚከላከለው የብረቱ አካል ነው። ብረት ውስጥ ያሉ ኤሌክትሮኖች በነፃ ስለሚንቀሳቀሱ ውጭ ያለውን መስክ እስኪያጠፉት ድረስ በገጹ ላይ ይደለደላሉ፤ ውስጡ መስክ አልባ ይሆናል። ፋራዴይ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1836 በብረት ቅጠል የተሸፈነ ትልቅ ሣጥን ሠርቶ መለኪያ ይዞ ገባበት፤ ውጭው ብልጭታ እስኪረጭ ድረስ በቻርጅ ሲሞላ ውስጥ ያለው መለኪያ ምንም አላሳየም። ጣሪያው ሸራ የሆነ መኪና ወይም ሞተር ብስክሌት ግን እንዲህ አይጠብቅም።

ታዛቢ

ተግባብተናል። እኔ ደግሞ ከቲዎሪው ወጥቼ የሞከርኩትን ላካፍላችሁ። ከቴሌቪዥን ካርቶን የወጣ ፎም ቆርጬ በቢላ ክብ ክብ አደረግኳቸው። አንዱ ቀላል ስለሆነ የእኛ ሚዛን አያነሣውም፤ ስለዚህ ሃያውን በአንድ ላይ ወርቅ ቤት ወስጄ አስመዘንኩ፤ 10 ግራም መጡ፤ አንዱ ግማሽ ግራም ሆነ ማለት ነው። ሁለቱን በ50 ሴንቲ ሜትር ክር ከአንድ ምስማር ላይ አንጠለጠልኳቸውና ሁለቱንም በሱፍ ሹራብ አሸሁ። ተገፋፍተው ቆሙ፤ ከመሐል እስከ መሐል 6 ሴንቲ ሜትር ለካሁ።

እያንዳንዱ ከመሐሉ 3 ሴንቲ ሜትር ተገፍቷል፤ 3 ለ50 ሲካፈል 0.06 ነው። ጎኑን የሚገፋው ጉልበት ክብደቱ በ0.06 ሲባዛ ስለሆነ 0.0005 × 9.8 × 0.06፤ ወደ 2.9 × 10⁻⁴ ኒውተን። ሁለቱ እኩል ቻርጅ አላቸው ብዬ በኩሎም ሕግ ወደ ኋላ ስሄድ እያንዳንዳቸው 11 ናኖኩሎም ገደማ ሆኑ። ልክ ነኝ?

ሩብ ኩሎም

ልክ ነህ፤ በደንብ ነው የሠራኸው። «እኩል ቻርጅ አላቸው» ያልከው ግን ግምት ነው፤ በሹራብ እኩል አሽተሃቸው እንደሆነ ማን ያውቃል? ያገኘኸው የሁለቱን ብዜት ነው። አንድ ነገር ልጨምርልህ፤ የአንድ ኤሌክትሮን ቻርጅ 1.6 × 10⁻¹⁹ ኩሎም ስለሆነ 11 ናኖኩሎም ማለት ወደ 70 ቢሊዮን የሚጠጉ ኤሌክትሮኖች ናቸው። ይህን ያህል ተሸጋግረው ግማሽ ግራም የሆነ ፎም 3 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነቀነቁ፤ ትንሽ መስሎ ሊታይህ ይችላል። ነገር ግን ፎሙ ውስጥ ካሉት ኤሌክትሮኖች ጋር ሲነጻጸር የተሸጋገረው እዚህ ግባ የማይባል ነው። አንድ ሙሉ ኩሎም ከሌላ አንድ ኩሎም ጋር በ1 ሜትር ርቀት ላይ ማስቀመጥ ቢቻል የሚገፋፉት በ9 ቢሊዮን ኒውተን ነበር። በሃይድሮጅን አቶም ውስጥ በፕሮቶኑና በኤሌክትሮኑ መካከል ያለው የኤሌክትሪክ ጉልበት ከስበታቸው ወደ 2 × 10³⁹ ጊዜ ይበልጣል። ዓለም በዚህ ጉልበት ያልተበታተነው ፖዘቲቩና ኔጌቲቩ በየቦታው ተመጣጥነው ስለሚገኙ ነው።

ጀማሪዋ

መምህር፣ የቤት ሥራውን ይዤ መጥቻለሁ።

ትንሹ ኔጌቲቭ ሲሆን የእርሱ ቀስት በሁሉም ቦታ ይገለበጣል። ስለዚህ 20 ላይ ተቃራኒ የነበሩት አሁን አንድ አቅጣጫ ሆነው ይደመራሉ፤ 1.8 ሚሊዮን ይመጣል። 60 ላይ አንድ አቅጣጫ የነበሩት ደግሞ ተቃራኒ ይሆኑና ይጣፋሉ። ዜሮው 60 ላይ ነው! የጣልኳት መልስ የሌላ ጥያቄ መልስ ነበረች። ይህን ሳየው ብቻዬን ሳቅሁ።

ለሁለተኛው፦ መሐሉ ላይ መስኩ 1.2 ሚሊዮን ወደ ቀኝ ነው። እንግዳው 2 ናኖኩሎም ስለሆነ ሒሳቡ 1.2 × 10⁶ × 2 × 10⁻⁹፤ 2.4 × 10⁻³ ኒውተን። ኔጌቲቭ ስለሆነ ከመስኩ በተቃራኒ፣ ወደ ግራ፣ ወደ ትልቁ ቻርጅ ይሄዳል። መስኩ ግን ያው ወደ ቀኝ እንዳመለከተ ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅ። 20 ሴንቲ ሜትሩ ላይ፣ መስኩ ዜሮ በሆነበት፣ ፖዘቲቭ እንግዳ ባስቀምጥ ለዘላለም እዚያው ይቆማል?

ጠመኔ

ሁለቱም ትክክል ናቸው። የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገርሽ «መስኩ ግን ያው ወደ ቀኝ እንዳመለከተ ነው» ያልሽው ካልገባሽ በቀር የማይጻፍ ነው። የአዲሱን ጥያቄ መልስ ሩብ ኩሎም ይስጥሽ።

ሩብ ኩሎም

በትክክል ነጥቡ ላይ ብታስቀምጪውና ማንም ካልነካው ይቆማል። ትንሽ ቢነካስ? ሁለቱን በሚያገናኘው መስመር ላይ ወደ ትልቁ ቢጠጋ ትልቁ አጠንክሮ ይመልሰዋል፤ ወደ ትንሹ ቢጠጋም ትንሹ ይመልሰዋል። በዚህ በኩል የተረጋጋ ነው። ከመስመሩ ወደ ጎን ወጣ ካለ ግን ሁለቱም በአንድነት ወደ ውጭ ይገፉታል፤ ከዚያ በኋላ አይመለስም። ይህ የዚህ መልመጃ ብቻ ጠባይ አይደለም፤ በማይንቀሳቀሱ ቻርጆች ብቻ አንድን ቻርጅ ባዶ ቦታ ላይ በሁሉም አቅጣጫ አረጋግቶ ማቆም እንደማይቻል ሳሙኤል ኧርንሾ እ.ኤ.አ. በ1842 አሳይቷል። ማረጋገጫው የጋውስን ሕግ ይፈልጋል፤ ኮርሳችሁ ላይ ከሁለት ምዕራፍ በኋላ አትቀርም።

ጀማሪዋ

እዚያ ስደርስ ሌላ ክር እከፍታለሁ። የታዛቢን ፎም ዛሬ እኔም ሞክሬው ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ስለነበረ ይሆናል፣ ሁለቱ ጎን ለጎን ተንጠልጥለው ቀሩ፤ አንዱም አልተገፋም።

ባለ ሽቦው

እርጥበቱ ነው፤ በፎሙ ገጽ ላይ ስስ የውኃ ሽፋን ይይዝና ቻርጁ በእርሱ ላይ ሾልኮ ይሄዳል። ፎሞቹንም ሹራቡንም ፀሐይ ላይ አስጥተሽ፣ ክሩን በእጅሽ ሳትነኪ ደግመሽ ሞክሪው።